ገጽ ወይስ ፊት? መጽሐፍን በዩቲዩብ ስለ መሔስ

«ለምን ቻናል አትከፍትም?» ብለው የጠየቁኝ ሁሉ በቅንነት ነው የጠየቁኝ። አንዱ ወዳጄ ካሜራ አለው፤ ሠርግ ይቀርጽበታል፤ ከሠርግ በተረፈው ቀን ደግሞ የእኔን ፊት ሊቀርጽበት ይፈልጋል። ሌላው የሰብስክራይበር ቁጥር እየጠራ ያስጎመጀኛል። ከሁሉም የከበደኝ ግን የመጀመሪያ ልብ ወለዷን በራሷ ገንዘብ ያሳተመች አንዲት ወጣት ደራሲ ያለችኝ ነው፦ «ጋሼ፣ ስለ መጽሐፌ የጻፉትን ደጋግሜ አንብቤዋለሁ። ከእኔ ሌላ ያነበበው ሰው ግን እስካሁን አልገጠመኝም።» ወቀሳ አልነበረም፤ የምታውቀውን ነው የነገረችኝ። ሒስ የሚነበበው በደራሲው ብቻ ከሆነ ደብዳቤ ነው እንጂ ሒስ አይደለም። ስለዚህ ጥያቄውን ከቁም ነገር ቆጥሬ ተቀመጥኩበት።

መቀመጥ ስል በቀጥታ ትርጉሙ ነው። አንድ ክረምት ሙሉ በአማርኛ ስለ መጻሕፍት የተሠሩ ቪዲዮዎችን ሳይ ከረምኩ፤ አንድን የሥነ ጽሑፍ ዘውግ ለመገምገም የምንደረድረውን መጽሐፍ ያህል ደርድሬ፣ ማስታወሻ እየያዝኩ። የማንንም ቻናል ስም እዚህ አላነሣም። ሰዎቹ አብዛኞቹ ከልባቸው የሚደክሙ ናቸው፤ እኔን ያሳሰበኝ ቅርጹ ነው።

በመጀመሪያ አንድ የተለመደ ተቃውሞ ከመንገድ ላንሣ። «ሥነ ጽሑፍ የወረቀት ነው፣ በድምፅና በምስል ሲቀርብ ይረክሳል» የሚሉ የሙያ ጓደኞች አሉኝ። ኧረ ተዉ እላቸዋለሁ። እኛ ዘንድ ከሁሉ የረቀቀው የቃል ጥበብ ዛሬም ድረስ ለጆሮ የሚቀርብ ነው። የቅኔ ተማሪ ብቻውን ሆኖ ቅኔውን ይቆጥራል፤ ከዚያ ወደ የኔታ ሄዶ ይነግራል፤ የኔታም እዚያው፣ ጓደኞቹ እየሰሙ፣ ሰሙ ከወርቁ ያልገጠመበትን፣ ቤቱ የጎደለበትን ያቀኑለታል። ቆጠራና ነገራ ይባላል። ነገራ እንግዲህ ሒስ ነው፤ ያውም ፊት ለፊት፣ በድምፅ፣ ያለ አንዲት ወረቀት። ጥበቡም ሒሱም በቃል ሲሠራ በኖረበት አገር ተቀምጦ ድምፅ ያረክሳል ማለት አያምርም።

ደግሞስ ወጋየሁ ንጋቱ አለ። ሐዲስ ዓለማየሁ በ1958 ያሳተሙት «ፍቅር እስከ መቃብር» በወረቀት ካነበበው ይልቅ በወጋየሁ ድምፅ በኢትዮጵያ ሬዲዮ የሰማው ይበልጣል ቢባል የሚከራከር ብዙ ሰው አይገኝም። እኔ የማውቃቸው የአንድ ዘመን ሰዎች ሁሉ ጉዱ ካሳ ሲናገር በጆሯቸው የሚመጣባቸው የወጋየሁ ጉሮሮ ነው። ወጋየሁ ጽሑፉን ድምፅ አውጥቶ በማንበብ ብቻ አላበቃም፤ ፈርዷል። ፊታውራሪ መሸሻ ላይ ሲደርስ ድምፁን የሚያወፍርበት መጠን አለ፤ ከዚያ አልፎ ወደ ቀልድ አይወስዳቸውም፤ ከዚያ አሳንሶም አስፈሪነታቸውን አያሳጣቸውም። ያ ምርጫ ነው፤ ምርጫ ደግሞ የሒስ መጀመሪያ ነው። ዝም የሚልበትንም ቦታ ያውቅ ነበር። በዓረፍተ ነገርና በዓረፍተ ነገር መካከል የሚተወው ትንፋሽ ውስጥ ሰሚው ለራሱ ያስባል። ክፍሉ ሲያልቅም የሚቀጥለው የሬዲዮ ሰዓት እስኪደርስ መጠበቅ ግድ ነበር፤ እስከዚያ በዛብህና ሰብለ ወንጌል በየቤቱ ሲወራባቸው ይሰነብታል።

ዛሬ «ትረካ» ተብሎ ዩቲዩብ ላይ የሚጫነው የዚህ ልጅ ነኝ ባይ ነው። ከአባቱ የወረሰው ዋሽንቱን ነው ብል ማጋነን አይሆንብኝም። አንድ የማይንቀሳቀስ ሥዕል፣ ከሥሩ የማያቋርጥ ሙዚቃ፣ ከላዩ የሚቸኩል ድምፅ። ዝምታ የለም። ሙዚቃው ዝምታውን ሁሉ ሞልቶታልና ሰሚው መቼ እንደሚያስብ አይታወቅም፤ መቼ ማልቀስ እንዳለበት ግን ይነገረዋል። የታምኔሉ ጽሑፍ ደግሞ ሌላ ጉድ ነው። ልብ ወለዱ «እውነተኛ አሳዛኝ ታሪክ» ተብሎ ይለጠፍበታል። አንድ ደራሲ ሦስትና አራት ዓመት ተጨንቆ የፈጠረውን ሰው «እውነተኛ» ብሎ መሸጥ ሙገሳ ይመስላል፤ ሥራውን ግን ከእጁ መንጠቅ ነው። የፈጠራ ጥበብ ዋጋው መፈጠሩ ነዋ!

ንጥቂያው በምሳሌያዊ አነጋገር ብቻም አይቀርም። የቅጂና ተዛማጅ መብቶች አዋጅ ቁጥር 410/1996 የደራሲን መብት ዕድሜውን ሙሉና ከሞቱ በኋላ ለ50 ዓመት ይጠብቃል። ሐዲስ ዓለማየሁ ያረፉት አዋጁ በወጣበት በዚያው በ1996 ነው፤ ስለዚህ መጽሐፋቸው እስከ 2046 ድረስ ባለቤት አለው። የሞቱት እንዲህ ከተጠበቁ በሕይወት ያሉትማ እንዴት አይጠበቁ። ሆኖም ዓምና የወጣ ልብ ወለድ ዘንድሮ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ገጽ፣ በሃያ ክፍል ተከፋፍሎ፣ የደራሲው ስም በአንድ ጥግ ተጽፎ (እሱም ከታወሰ) ሲተረክ አይቻለሁ።

ሁለተኛው ዓይነት ቃለ መጠይቅ ነው። ይኼ በጥራት ከትረካው የተሻለ ነው፤ መብራቱ ጥሩ፣ ወንበሩ ጥሩ፣ እንግዳው ሰፊ ጊዜ ይሰጠዋል። ግን ልብ ብላችሁ እዩ፤ መጽሐፉ ጠረጴዛው ላይ እንደ አበባ ማስቀመጫ ተቀምጦ ይጀመራል፣ ሳይገለጥ ይጠናቀቃል። የሚወራው ደራሲው እንዴት እንዳደገ፣ መቼ መጻፍ እንደጀመረ፣ ምን ያህል እንደተቸገረ ነው። ከሁለት ሰዓት ጭውውት ውስጥ አንድ አንቀጽ ጮክ ብሎ የተነበበበትን በጣት ነው የምቆጥረው።

ሦስተኛው «ዳሰሳ» ነው፤ እኔን የሚመለከተው። አብዛኛው ዳሰሳ ታሪኩን መልሶ ይተርካል። ሃያ ደቂቃ ከሆነ አሥራ ስምንቱ «ከዚያ ምን ሆነ መሰላችሁ» ነው፤ የቀረችው ሁለት ደቂቃ «መጽሐፉን አንብቡት፣ ትወዱታላችሁ» ትላለች። ፍርድ የለም፤ ካለም ምክንያት የለውም። መጀመሪያ ይህን የአቅራቢዎቹ ስንፍና አድርጌ ነበር የያዝኩት ማለት ይቀናል፤ ነገር ግን ገና ከሦስተኛው ቪዲዮ ጀምሮ የሒሳብ ጉዳይ መሆኑ ይታይ ነበር። እስቲ ሒሳቡን አብረን እንሥራው።

ዩቲዩብ እስከ 2012 (እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር) ድረስ ቪዲዮን ለተመልካች ሲያቀርብ በዋናነት የሚመራው ስንት ጊዜ እንደተከፈተ ነበር። በዚያ ዓመት ሚዛኑን ቀየረና ስንት ደቂቃ እንደታየ ይቆጥር ጀመር። ከማስታወቂያ ገቢ ለመጋራት አንድ ቻናል 1,000 ሰብስክራይበርና በ12 ወር ውስጥ 4,000 የታየ ሰዓት ሊኖረው ይገባል (በአጫጭር ቪዲዮ በኩል የሚኬድበት ሌላ መንገድም አለ)። 4,000 ሰዓት 240,000 ደቂቃ ነው። የሃያ ደቂቃ ዳሰሳዬን እያንዳንዱ ሰው እስከ ግማሹ ቢያየው፣ ያም ደግ ተመልካች ከሆነ ነው፣ በዓመት 24,000 ጊዜ መታየት አለብኝ። የአማርኛ ልብ ወለድ በአንድ ኅትመት ስንት ሺህ ቅጂ እንደሚወጣ የምታውቁ ፍረዱ። ስለ መጽሐፉ የሚያወራው ቪዲዮ ከመጽሐፉ እጅግ የበዛ ሰው ካልያዘ ደጁ አይከፈትለትም ማለት ነው። እንግዲህ ሰው ደቂቃ በደቂቃ እንዳይሄድብህ ምን ታደርጋለህ? ትተርካለህ። ታሪክ ሰውን ይይዛል፤ «ይህ ምዕራፍ ለምን ደከመ» የሚል ትንተና ሰውን ያስነሣል። ቪዲዮው ከ8 ደቂቃ ካለፈ ደግሞ መሐሉ ላይ ማስታወቂያ ማስገባት ይቻላል፤ እናም ዘጠኝ ደቂቃ የማይሞላው ሐሳብ ዘጠኝ ደቂቃ እንዲሞላ ይለጠጣል። ምን አለፋችሁ፣ ዳሰሳውን ትረካ ያደረገው ደቂቃው ነው።

እዚህ ላይ ገንዘቡን እርሳው የሚለኝ አለ። እሺ፣ ገንዘቡን ረሳሁት። «ቤተሰብ» የሚለውን ቃል ግን እንዴት ልርሳው?

«ሰላም ጤና ይስጥልኝ የቻናላችን ቤተሰቦች፤ አዲስ የሆናችሁ ሰብስክራይብ በማድረግ፣ የደወሏን ምልክት በመጫን ቤተሰብ ሁኑ።» ይህን መግቢያ የማያውቅ የለም። ቃሉ ሞቅ ያለ ነው፣ የእኛም ነው፤ ሌላው ዓለም «ተከታይ» የሚለውን እኛ ቤተሰብ ማለታችን ደስ ይላል። ለሒስ ግን መርዝ ነው። ቤተሰብ ፊት እውነት አይነገርም ማለቴ አይደለም፤ የሚነገርበት ወግ አለው፤ ሽማግሌ ይገባል፣ ነገሩ ይለዝባል፣ የበደለው በደፈናው ይነካል። ይሉኝታ የሚባለው ነገር የሚኖረው ፊት ባለበት ነው። ወረቀት ላይ «ይህ ልብ ወለድ ከመቶኛው ገጽ በኋላ ሞቷል» ብዬ ስጽፍ ብዕሬ አይቅለሰለስም። ያንኑ ቃል ካሜራ ፊት ቆሜ፣ ነገ ብሔራዊ ቴአትር በር ላይ የማገኘውን ሰው በዓይነ ኅሊናዬ እያየሁ ስናገር፣ ፈገግ እላለሁ። «ትንሽ ቢታይ» እላለሁ። ራሴን አውቀዋለሁ። በሌላ በኩል ይሉኝታውን የጣሉትንም አይቻለሁ፤ እነሱ ደግሞ ፍርድን በስድብ ለውጠው «ደራሲውን አዋረደው» በሚል ታምኔል ይሸጡታል። ፊት ሲገባበት ወይ ይቅለሰለሳል ወይ ይፋጠጣል። አስፋው ዳምጤን የመሰሉ ሐያስያንን ያወቅኳቸው በጽሑፋቸው ነው፤ መልካቸውን ማወቅ እንደሚያስፈልገኝ አንድም ቀን አስቤ አላውቅም።

እስከዚህ ድረስ ያለውን ያነበበ «እንግዲህ በቃ፣ አትክፈት» ይለኛል። ግን አንድ ነገር አላስቀምጥ አለኝ። በእነዚያ ችኩል ትረካዎች ሥር ሰዎች ከየት ሆነው እንደሚያዳምጡ ይጽፋሉ፤ ከቤይሩት፣ ከጅዳ፣ ከዱባይ። አንዷ የሰው ቤት ልብስ እየተኮሰች እንደምትሰማ ጽፋለች። ዋሽንግተን ታክሲ እየነዳ የሚሰማም አለ። ለእነዚህ ሰዎች የአማርኛ መጽሐፍ እንደልብ የሚገዛበት ሱቅ የለም፤ ቢኖርም ተቀምጦ የሚነበብበት ሰዓት የለም። ጆሮ ብቻ ነው ነፃ የሆነው። እኔ አዲስ አበባ ቁጭ ብዬ፣ መደርደሪያዬን ተደግፌ፣ ዋሽንቱ በዛ ብዬ ስስቅ ለእነሱ ምን አቀረብኩ? ምንም። ያ ዋሽንት የበዛበት ድምፅ ቢያንስ እዚያ ደርሷል። ስለዚህ ጥያቄው «ይከፈት ወይስ አይከፈት» ከሚለው ወጣና «ቪዲዮ ለሒስ፣ ጽሑፍ የማይችለውን ምን ያደርግለታል?» ወደሚለው ሄደ።

አንድ ነገር ያደርጋል፤ የሚገርመው ግን ካየኋቸው ውስጥ ያንን የተጠቀመበት የለም ማለት ይቻላል። ቪዲዮ ገጹን ማሳየት ይችላል።

ላስረዳ። ፊደላችን የሚጠብቀውንና የሚላላውን አይለይም። «ገና» ሲላላ እስካሁን ያልሆነ ነገር ነው፤ ሲጠብቅ የልደት በዓል ነው። «አለ» ሲላላ ተናገረ፣ ሲጠብቅ ይገኛል። ሰምና ወርቁ፣ ኅብረ ቃሉ፣ ግማሹ የአማርኛ ግጥም የሚኖረው በዚህች ክፍተት ውስጥ ነው። አንድ ምሳሌ እኔው ልፍጠር፦ በበዓል ዋዜማ ልጇን ከስደት የምትጠብቅ እናት ጎረቤቷ «መጣ ወይ?» ስትላት «ገና ነው» ብላ ትመልሳለች እንበል። ወረቀት ላይ ሁለቱም ትርጉም አብረው ተቀምጠዋል፤ አልመጣም፣ በዓልም ደርሷል። ተራኪው ግን አፉን ሲከፍት አንዱን መምረጥ አለበት፤ ጠብቆ ካነበበው አልመጣም የሚለው ጠፋ፣ አላልቶ ካነበበው በዓሉ ጠፋ። ጽሑፋዊ ሒስ ደግሞ የተገላቢጦሽ ችግር አለበት፤ ለዓይን ሁለቱም አሉ፣ ለጆሮ አንዱም የለም፤ እኔም በቅንፍ «ይጠብቃል»፣ «ይላላል» እያልኩ የግጥሙን ነፍስ አወጣለሁ። ቪዲዮ ላይ ቃሉ በገጹ ላይ እየታየ፣ ጣቴ ሥሩ አርፎ፣ አንዴ አላልቼ አንዴ አጥብቄ ላነበው እችላለሁ። ይህን ሬዲዮ አይችልም፤ ወጋየሁም አይችልም ነበር። ይህ መጽሔትም አይችልም።

አዳም ረታን ውሰዱ። በ2001 ባወጣው «እቴሜቴ ሎሚ ሽታ»፣ እሱ ሕጽናዊነት ብሎ በሰየመው አጻጻፍ፣ አንዱ ታሪክ ውስጥ በጨረፍታ ያለፈ ነገር ሌላው ታሪክ ውስጥ ተመልሶ ይመጣል፤ አንባቢው ገጽ ወደ ኋላ እየገለጠ ክሩን ራሱ ይቀጥላል። ይህን የመሰለ መጽሐፍ ለተራኪ አይመችም፤ ትረካ ወደ ፊት ብቻ ነው የሚሄደው። የትረካ ቻናሎች የሚመርጧቸው መጻሕፍት በአንድ መስመር የሚፈስሱት መሆናቸው አጋጣሚ አይመስለኝም፤ ይህ ከቀጠለ ደግሞ ለመተረክ የማይመች መጽሐፍ የሌለ ያህል ይቆጠራል፤ እየቆየ ወጣት ደራሲዎችም ለዋሽንት የሚስማማ ልብ ወለድ ይጽፋሉ። አንዳንዶቹ ጀምረዋል፤ ምዕራፎቹ ሁሉ «ከዚያ ምን ሆነ መሰላችሁ» ላይ ነው የሚቆረጡት። ሁለት ገጾችን ጎን ለጎን ዘርግቶ «ይህችን ነገር እዚህ አይታችኋታል፤ እዚህ ደግሞ ተመልሳ መጣች» ብሎ በጣት ማሳየት ግን በቪዲዮ ቀላል ነው፤ በጽሑፍ አንድ ገጽ ሙሉ ማብራሪያ ይፈጅብኛል።

በግዕዝ «ገጽ» ፊት ማለት ነው። ካሜራው ከሁለቱ አንዱን ይምረጥ ከተባለ እኔ የወረቀቱን መርጫለሁ። ቪዲዮዎቹ ላይ እጄና መጽሐፉ ብቻ ይታያሉ። ባለ ካሜራው ወዳጄ ይህን ስነግረው ተናደደ፤ «ፊትህ ከሌለ ማን ብሎ ያይሃል? ሰው እጅ አይቶ ሰብስክራይብ አያደርግም» አለኝ። እውነቱን ሳይሆን አይቀርም። በስሌቱ ተሸናፊ ነኝ።

ሌላም የወሰንኩት አለ፤ ስምንት ቪዲዮ ብቻ ነው የምሠራው። ቻናል በተፈጥሮው ማለቂያ የለውም፤ በየሳምንቱ ይብላኝ ይላል፤ ካላበላኸው ይረሳሃል። ሒስ ግን የሚነሣው አንድን መጽሐፍ አንብበህ የምትለው ሲኖርህ ነው፤ የምትለው ከሌለህ ዝም ማለት ከሥራው አንዱ ነው። በየሳምንቱ ሐሙስ አስተያየት ያለው ሐያሲ አላምንም፤ ራሴም ብሆን። ስለዚህ እንደ መጽሐፍ የተቆጠረ ምዕራፍ ይኖረዋል፤ ስምንተኛው ሲያልቅ ቻናሉ ባለበት ይቆማል። ማስታወቂያ አላስገባም፤ ገደቡ ላይ ስለማልደርስ ይህ ትልቅ መሥዋዕትነት አይደለም። እያንዳንዱ ቪዲዮ ከመቀረጹ በፊት ጽሑፉ እዚሁ መጽሔት ላይ ይወጣል፤ የሚጠቅሰኝ ከዚያ ይጥቀስ። የማሳየው ገጽም ጥቂት ነው፤ አዋጁ ከታተመ ሥራ አጭር ክፍል ምንጩንና የደራሲውን ስም ጠቅሶ መውሰድን ይፈቅዳል፤ ከዚያ ማለፍ አልፈልግም።

ያልተፈታልኝ የወጣቷ ደራሲ ጉዳይ ነው። መጽሐፏን ከስምንቱ አንዱ እንዳደርገው ጠይቃኛለች፤ ክፉውንም ጭምር እንድናገር። እኔ ደግሞ እምቢ አልኳት። የጻፍኩት ረጅም ሒስ ውስጥ ስለ ሁለተኛው ክፍል ድክመት የተናገርኩት አለ፤ እዚያ ግራና ቀኙን በሌላ አንቀጽ ታጥሮ ተቀምጧል። ቪዲዮ ላይ ግን አርባ ሴኮንዷን ቆርጦ «ሐያሲው ይህን መጽሐፍ እንዲህ አለው» ብሎ መልቀቅ የአንድ ሰዓት ሥራ ነው፤ ከዚያ በኋላ የመጀመሪያ መጽሐፏ ያቺ አርባ ሴኮንድ ትሆናለች። ስማቸው የጸና ደራሲዎች ይህን ይችሉታል። እሷ አትችለውም ብዬ በእሷ ፈንታ መወሰኔ ተገቢ ነው ወይ? «ይሉኝታ ነው ጋሼ፣ ሌላ ስም አይስጡት» አለችኝ። መልስ አልሰጠኋትም።

ለመጀመሪያው ቪዲዮ የመረጥኩት «እቴሜቴ ሎሚ ሽታ»ን ነው። ሁለት ቅጂ ያስፈልገኛል፤ አንዱን ከፊት አንዱን ከኋላ ገልጦ ጎን ለጎን ለማስቀመጥ። አንዱ አለኝ፤ ሁለተኛውን ከአሮጌ መጻሕፍት ነጋዴዎች እየፈለግኩ ነው። ለሙከራ የቀረጽናቸው ላይ የኤሌክትሪክ መብራቱ ወረቀቱን ያንጸባርቅበታል፤ ፊደሉ አይነበብም። የመስኮት ብርሃን ይሻላል፤ ከጠዋቱ ሦስት እስከ አምስት ሰዓት ድረስ ጠረጴዛዬ ላይ በደንብ ይወድቃል። ክረምቱ እስኪወጣ እጠብቃለሁ።